ከዛሬ ወዲህ ለሚታመም

የእድሩ ሰዎች ገመድ ይዘው ወደ ግቢው ሲዘልቁ ሩቂያ ከሎሚው ሥር አጎንብሳ የረገፈውን ትለቅም ነበር። ሁለት ናቸው፤ አንደኛው የእድሩ ጸሐፊ መምህር ይልማ፣ ሌላው ለቅሶ ሲሆን ጥሩምባ የሚነፋው ሰውዬ። "እንደምን አደሩ እትዬ ሩቂያ? ጋሽ ሷሊሕስ እንዴት አደሩ?" አለ ይልማ ባርኔጣውን ከፍ አድርጎ። "አልሐምዱሊላህ፣ አለን" አለች። በሽተኛ ሊጠይቁ የመጡ መስሏት ቅርጫቷን አስቀምጣ፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወደ ቤቱ መራቻቸው። አልተከተሏትም። ጥሩምባ ነፊው የገመዱን ጫፍ ይዞ አጥሩ ሥር ቆመ፤ ይልማ ሌላውን ጫፍ እየጎተተ እስከ ማድቤቱ ግድግዳ ሄደ። ከዚያ ደግሞ ከበሩ እስከ ጓሮው አጥር ለኩ። ድምፃቸውን ሳያሰሙ ሲመላለሱ ቆይተው ከግቢው መካከል የበቀለችው ፓፓያ ዘንድ ሲደርሱ ተያዩ። "ይቺ ናት የምታስቸግረው" አለ ጥሩምባ ነፊው። ይልማ ፈጠን ብሎ፣ "አሁን አንነካትም፤ ጊዜው ሲደርስ ትቆረጣለች" አለ።

ሩቂያ መጀመሪያ ነገሩ አልገባትም። "ምንድን ነው የምትለኩት?" አለች። እድሩ ከአዲስ አበባ ትልቅ የሸራ ድንኳን ማስመጣቱን፣ ከአሮጌው እጅግ እንደሚሰፋ፣ በየሰዉ ግቢ ይተከል እንደሆነ አስቀድሞ ማየት ደግ መሆኑን ይልማ አስረዳት። "ከማን ግቢ ጀመራችሁ?" አለችው። ይልማ ገመዱን በክንዱ ላይ መጠቅለል ያዘ። "ከእናንተው ነው የጀመርነው" አለ ጥሩምባ ነፊው፤ ክፋት አስቦ አይደለም፣ እውነት ስለሆነ ነው። ከዚያ ሁለቱም ምሕረቱን ያውርድላችሁ ብለው ወጡ። ሩቂያ ከፓፓያዋ ሥር ቆማ ቀረች። ሷሊሕ የተኛበት ክፍል መስኮት ከዚያች ዛፍ ክንድ ቢርቅ ነው፤ መስኮቱም መዝጊያ የለው፣ ያረጀ ጆንያ ነው የተጋረደበት።

ስትገባ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር። የግንቦት ሙቀት ገና በጠዋቱ ቆርቆሮውን ማንጫጫት ጀምሯል፤ ክፍሉ የላብና የዲቶል ሽታ ይሸታል። ሷሊሕ ከአሊዩ አምባ ጥጥና በርበሬ በአህያ እየጫነ ዳገቱን ሲወጣ ሲወርድ የኖረ፣ ትከሻው እንደ ሞፈር የጠነከረ ሰው ነበር። አሁን ከአንሶላው ሥር ያለው አጥንት ነው። ሽንት ከልክሎታል። ሲብስበት ጤና ጣቢያ ይወስዱትና ድሬሰሩ በቀጭን ጎማ ያወጣለታል፤ ባለፈው ግን ድሬሰሩ ሩቂያን ወደ ደጅ ጠርቶ፣ "እናቴ፣ ውስጡ ያበጠ እጢ አለ። ደሴ ወይም አዲስ አበባ ሄዶ በኦፕራሲዮን ካልወጣለት አንድ ቀን ይሄ ጎማም አያልፍለትም። ከወጣለት ግን ገና ይኖራል" ብሏታል። ሆስፒታሉ ደግሞ አስቀድሞ መያዣ ካልተከፈለ አያስተኛም። ለድሀ በነፃ የሚያሳክም ወረቀት እንዲጻፍላቸው ምክትል ወረዳው ዘንድ ሄዳ ነበር፤ ቤትና ግቢ ያለው ድሀ አይባልም ብለው መለሷት። ቤቱ የእነሱ ነው፣ እውነት ነው፤ መሬቱ ግን የባላባት ነውና ሊሸጡት አይችሉም። አህዮቹማ ተሸጠው ካለቁ ቆይቷል።

"ለካ ግቢያችን ሰፊ ኖሯል" አለ ሷሊሕ ወደ ግድግዳው እንደዞረ።

ሩቂያ በጣሳ ውኃ አቀረበችለት፤ ከንፈሩን ብቻ አርሶ መለሰው። ውኃ ከፈራ ሰነበተ። የጠጣው ሁሉ ኋላ ሕመም ሆኖ ስለሚመጣ፣ በዚያ ሐሩር ምላሱ እስኪደርቅ ይጠማል እንጂ አይጠጣም። አጠገቡ ቁጭ ብላ፣ "ዛሬ የእድር ስብሰባ አለ። እሄዳለሁ" አለችው። ፊቱን መለሰ። "ሄደሽ ምን ልትይ?" "የሚቀብሩበትን ብር አሁን ይስጡህ እላለሁ።" ሷሊሕ ዓይኑን ጨፈነ። "ሩቂያ፣ ለምኜ አላውቅም" አለ። "ልመና አይደለም። ስትከፍል የኖርከው ነው" አለችና ሎሚዋን ይዛ ወጣች።

ያ እድር ወባ አገሩን በፈጀበት፣ በንዳዱ ዓመት የተቋቋመ ነው። ያን ጊዜ ሰው እንደ ቅጠል ሲረግፍ፣ ቀባሪ ጠፍቶ ሬሳ ቤት ውስጥ ሲያድር፣ ሷሊሕና ዛሬ የእድሩ ዳኛ የሆኑት ባሻ ወልደማርያም በየቤቱ እየዞሩ ሰዉን አስማሙ፤ እስላሙ የክርስቲያኑን መቃብር ሊቆፍር፣ ክርስቲያኑ የእስላሙን ቃሬዛ ሊሸከም። ከዚያ ወዲህ ወር በገባ ቁጥር ሷሊሕ መዋጮውን ሳያጓድል ከፍሏል። አህዮቹን የሸጠ ጊዜ እንኳ አስቀድሞ ያወጣው የእድሩን ነበር። ሩቂያ ይህን እያሰበች አውቶቡስ ማቆሚያው ደረሰች። የደሴው አውቶቡስ ለምሳ ቆሞ መንገደኛው በየሆቴሉ ተበትኗል። ሎሚዋን አስሩን በአምስት ሳንቲም ብላ ዘርግታ ተቀመጠች። እንደ ሌላው ቀን ግን አልተጣራችም፤ ዓይኗ አውቶቡሱ ላይ ነበር። ከሹፌሩ ኋላ ያለው ወንበር ለበሽተኛ ይመቻል፣ እግር መዘርጊያ አለው። ረዳቱ "ደሴ! ደሴ!" እያለ የአውቶቡሱን ጎን ሲደበድብ ሰዉ እያኘከ ተሳፈረ፤ ሞተሩ ጥቁር ጭስ ተፍቶ ወደ ሰሜን ሄደ።

ልጇ ጀይላን ጎሚስታ ነው፤ ከነዳጅ ማደያው ማዶ በቆርቆሮ የተከለለች ቦታ አለችው። ስትደርስ ከጭነት መኪና የወጣ ጎማ ላይ ወጥቶ በብረት ይታገላል። ሚስቱ ናፊሳ ከኋላ ጥላው ሥር ሰሌን ላይ ጎኗን አስደግፋ ተቀምጣለች፤ ሆዷ ገፍቷል፣ እግሯ አብጧል። ባለፈው ምጥ ጠንቶባት፣ መኪና እስኪገኝ ልጁ በሆዷ ሞቶ፣ እሷም ከሞት አፋፍ ነው የተመለሰችው። ከዚያ ወዲህ ጀይላን ሣቅ ረስቷል። ናፊሳ ተነሥታ የአማቷን እጅ ልትስም ስትሞክር ሩቂያ ትከሻዋን ይዛ መልሳ አስቀመጠቻት። ሁለቱ ሴቶች ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ሮቢ ወንዝ መጉደል፣ ዘንድሮ ሽንኩርት እጅግ ስለመርከሱ ተነጋገሩ። ስለ ሷሊሕ ናፊሳ፣ "እንዴት ዋሉ አባቴ?" አለች፤ ሩቂያ፣ "እንደተወሽው ነው" አለች፤ በዚያው ቆመ።

ጀይላን የጎማውን ካላማዳሪ አውጥቶ በገንዳ ውኃ ውስጥ እየነከረ ቀዳዳውን ይፈልጋል። ሩቂያ የጠዋቱን ነገር ነገረችው፤ ገመዱን፣ ፓፓያዋን፣ ጊዜው ሲደርስ የተባለውን። እጁ ውኃው ውስጥ እንዳለ ቆመ። አረፋው ቡልቅ ቡልቅ ሲል ቀዳዳው መገኘቱ ነው፤ እሱ ግን አላየውም። "ዛሬ ልጠይቃቸው ነው" አለችው። "ሴት በእድር ስብሰባ ተናግራ ታውቃለች እንዴ?" "አባወራዋ ታሞ ሲተኛባት ምን ታድርግ?" ጀይላን እጁን በጨርቅ ጠረገ። ወደ ናፊሳ ተመለከተ፤ ናፊሳ ዓይኗን ሰበረች። ያን መተያየት ሩቂያ በጊዜው እንደ ሐዘን ቆጠረችው። "እኔም እድርተኛ ነኝ፣ እመጣለሁ። አንቺ ጀምሪው፣ እኔ እናገራለሁ" አላት። ጀይላን ከልጅነቱ አንደበቱ የተሳሰረ፣ በሰው ፊት ሲቆም ላቡ የሚወርድ ነው። እናገራለሁ ማለቱ ለሩቂያ ትልቅ ነገር ሆነባት። የቀረውን ሎሚ ለናፊሳ ሰጥታት ሄደች።

እድሩ የሚሰበሰበው ከወንዙ ዳር ካለው ትልቅ የሮቃ ዛፍ ሥር ነው። ባሻ ወልደማርያም ቆባቸውን አውልቀው አማተቡ፤ እስላሞቹ መዳፋቸውን ዘርግተው ፋቲሓ አደረጉ፤ ከዚያ ይልማ ያልመጡትንና የሚቀጡትን ጠራ። ሩቂያ ከዳር፣ ከዛፉ ሥር ተቀመጠች። ጎረቤቷ ጌጤ፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ መዋጮዋን ይዛ የምትመጣ ባልቴት፣ ጠጋ ብላ አጠገቧ ቁጭ አለች። ስለ አዲሱ ድንኳን ብዙ ተወራ። ስንት ሰው እንደሚያስጠልል፣ የሸራው ጥራት፣ ደብረ ሲና ያሉ እድሮች እንዲህ ያለ እንደሌላቸው። ሰዉ ደስ ብሎታል። ባሻ "ሌላ ጉዳይ ያለው?" ሲሉ ሩቂያ ተነሣች። ነጠላዋን አስተካከለች።

"ወንድሞቼ፣ ልጆቼም" አለች። "ብድር ፈልጌ አልመጣሁም። ምጽዋትም አልፈለግኩም። የሷሊሕ ሞት ዋጋ እናንተ ዘንድ ተቀምጧል። ድንኳኑ አለ፣ ምግቡ አለ፣ ለቤተሰብ የሚሰጠው ብር አለ። ያን በቁሙ ስጡት ነው የምለው። ሐኪሙ ይድናል ብሏል። አላህ ሳይለው ቀርቶ ከሞተም በአንድ ጨርቅ ከፍናችሁ ቅበሩት፣ ድንኳንም አትትከሉ። ከእኔ ወቀሳ አይመጣባችሁም።"

ባሻ ወልደማርያም በትራቸውን በአሸዋው ላይ ወዲያ ወዲህ አሉ። "እትዬ ሩቂያ፣ ሷሊሕ ወንድሜ ነው" አሉ። "በንዳዱ ዓመት እኔ ራሴ ወድቄ ሳለሁ እናቴን የቀበረልኝ እሱ ነው። ግን እድር የቆመው ለሞት ነው። ሞት አንድ ጊዜ ነው፤ ልኩ ይታወቃል። በሽታ ልክ የለውም።" አንድ ሽማግሌ ከኋላ፣ "ታዲያ ድነን ብንቆይ እድሩ ምን ይጎዳል? የምንከፍለው ይቀጥላል እኮ!" አሉ። አንድ ሽንኩርት ነጋዴ ብድግ ብሎ፣ አባቶቼን አከብራለሁ፣ ነገር ግን ዕድሜ የተጫነው ሁሉ ወገቤን፣ ዓይኔን፣ ጉልበቴን እያለ ሐኪም ቤት ከሄደ የእድሩ የገንዘብ ሣጥን በአንድ ክረምት ይራቆታል፣ ኋላ እኛን ምን ሊቀብረን ነው አለ። ከዚያ ሁሉም በየፊናው ማውራት ጀመረ። የታመመ ሚስት ያለው፣ ልጁ ንዳድ የማይለቀው፣ ዓይኑ ሞራ የጋረደው፣ ሁሉም የየራሱን አነሣ። ለካ በየቤቱ ሰው ተኝቷል። ነገሩ ግን ወዴትም አላመራም። ባሻ ሰዉን ዝም አሰኝተው፣ "ይደር" ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ጀይላን ተነሣ።

ሩቂያ የጌጤን ትከሻ ያዘች። ጀይላን ፊቱ በላብ ርሷል፤ እጁ ላይ የጎማው ጥቀርሻ እንዳለ ነው። ወደ እናቱ አልተመለከተም።

"ነገሩ ከሚወድቅ ልክ እናብጅለት" አለ፤ ድምፁ መጀመሪያ ተሰነጠቀ፣ ከዚያ ጠነከረ። "ባሻ በሽታ ልክ የለውም ብለዋል፤ እውነት ነው። እኛ ልክ እናብጅለት። ለታመመ ይሰጥ። ግን ከዛሬ ወዲህ ለሚታመም ይሁን። ለምጥም ይሁን፣ በሽተኛ ለሚወስድ መኪናም ይሁን። ዕድሜውም ከስልሳ ያልዘለለ። እንዲያ ከሆነ ሣጥኑ አይጎዳም፤ ሁሉም ይስማማል።"

ይልማ ብዕሩን ይዞ፣ "እስከ ዛሬ የታመመውስ?" አለው።

"እስከ ዛሬ የታመመው... በዱሮው ደንብ" አለ ጀይላን።

በዱሮው ደንብ ማለት ሲሞት ማለት ነው። ይህን ያልተረዳ ከዚያ ዛፍ ሥር አልነበረም። ሽንኩርት ነጋዴው መጀመሪያ እጁን አወጣ፤ ከዚያ ጎልማሶቹ ሁሉ፣ ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውን እያሰቡ፣ አንድ በአንድ አወጡ። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን በትራቸው ላይ እንዳኖሩ ቆዩ። ቀስ ብሎ ከእነሱም አንዱ አነሣ፣ ቀጥሎ ሌላው፤ የሚከፍሉት ለልጆቻቸው ነውና። ባሻ ወልደማርያም ስልሳን ካለፉ ቆይተዋል። የወጣውን እጅ አይተው ሲያበቁ በትራቸውን አንድ ጊዜ መሬት ላይ መቱና፣ "ጸድቋል" አሉ፤ ድምፃቸው የድሮው የወታደር ድምፅ አልነበረም። ሩቂያ ገና እንደቆመች ነው። ማንም ተቀመጪ አላላትም። ጌጤ ብቻ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ፣ "ነይ እህቴ፣ እንሂድ" አለቻት። ሲወጡ ጎልማሶቹ ጀይላንን ከበው ትከሻውን እየመቱ ያመሰግኑት ነበር። እሱ በሰዎቹ ትከሻ መካከል አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አያት፤ ያን ጊዜ እሷ ፊቷን አዞረች።

በር ላይ ሲለያዩ ጌጤ ከመቀነቷ ጥቂት ሳንቲም ፈትታ በሩቂያ መዳፍ አኖረችና መልስ ሳትጠብቅ ሄደች። ሩቂያ የሆነውን ሁሉ እንደሆነው ልትነግረው ቆርጣ ነበር። ትዳራቸው ከልጅነት ጀምሮ የቆየ ነው፤ ደብቃው አታውቅም። ስትገባ ግን ሷሊሕ ትራሱን ወደ ግድግዳው አቁሞ፣ ጺሙን አበጥሮ፣ ቀና ብሎ ተቀምጦ አገኘችው። ብቻውን እንዴት ሊነሣ እንደቻለ አላወቀችም። ጠዋት ለምኜ አላውቅም ያላት ሰው ቀኑን ሙሉ በር በሩን ሲያይ ኖሯል።

"ምን አሉ?" አላት።

"ለታመመ ይሰጣል ተባለ" አለች። ይህ ውሸት አልነበረም። ቀጣዩን ቃል ልታመጣ ስትል እሱ ቀደማት። "ማን ተናገረልን? ባሻ ነው?" "ጀይላን ነው።" "ጀይላን? የእኔ ጀይላን፣ በሰው ፊት ቆሞ?" "ቆሞ። ሁሉንም ያስማማው እሱ ነው።" የሷሊሕ ትከሻ ተንቀጠቀጠ፤ ሩቂያ የሚያለቅስ መስሏት ተጠጋች፣ እሱ ግን ይሥቃል። ያ ሣቅ ዳገት ላይ አህያ ሲነዳ የነበረው ሣቁ ነው። "ያ አፉን የማይፈታው ልጅ!" አለ። "እድሜ ይስጠው። ለእኔ ብቻም አይደለም፤ ለሰዉ ሁሉ ነው ያደረገው።" ከዚያ ጣሳውን ጠየቃት፤ ሰጠችው። ጎንጨት ብሎ ይመልሰዋል ብላ ስትጠብቅ ጭልጥ አድርጎ ጠጣው። "ሌላም ጨምሪልኝ" አላት። "ይበቃሃል የጀይላን አባት፣ ኋላ ያምሃል።" "ነገ ሐኪም ዘንድ አይደለሁ እንዴ? ዛሬ ልጠጣ" አለ። ጨመረችለት። "ጀለቢያዬንና ሽርጤንም እጠቢልኝ፤ ሐኪም ፊት በእድፍ አልቀርብም።"

አሁን ልንገረው፣ አሁን ልንገረው እያለች ልብሱን ከምስማሩ አወረደች። አሁን ልንገረው እያለች ሳሙና ፈለገች። ደጅ ወጥታ ገንዳው ላይ አጎነበሰችና ማሸት ጀመረች። ፀሐይ ወደ ዳገቱ በኩል አዘቅዝቃለች፤ የመግሪብ አዛን ሊሰማ ምንም አልቀረው። የግቢው በር ሲጢጥ ሲል ቀና አላለችም፤ በእግሩ ኮቴ አወቀችው። ጀይላን መጥቶ ከገንዳው ማዶ ቆመ። "ናፊሳን አይተሻታል" አለ። "እግሯን አይተሽዋል። ባለፈው መኪና አጥቼ... አባቴን ጨምሩ ብል ኖሮ አንዱም እጅ አይወጣም ነበር እማ። ምንም አይቀርም ነበር፤ ለማንም።" ሩቂያ ማሸቷን ቀጠለች። ያለው እውነት መሆኑን ታውቃለች። ማወቋ ነው አንጀቷን ያቃጠለው፤ ሐሰት ቢሆን ኖሮ ትረግመውና ይወጣላት ነበር።

ከመስኮቱ ጆንያ ኋላ የሷሊሕ ድምፅ መጣ። "ማነው? ጀይላን ነህ?"

ጀይላን እንደተያዘ ሌባ ደረቀ። "ነኝ አባ።"

"እዚያው ቁም። አትግባ፣ እዚያው ሆነህ እጅህን ዘርጋ፣ ልመርቅህ።" ድምፁ ደከም ይላል፤ ደስታው ግን ይሰማል። ጀይላን እናቱን አያት። እናቱ አረፋው ውስጥ ያለውን እጇን ታያለች። ቀስ ብሎ፣ ጥቀርሻ የነካ መዳፉን ወደ መስኮቱ ዘረጋ። "የእኔን ቀን ያራዘምክ፣ አላህ ያንተን ያርዝመው" አለ ሷሊሕ። "ሐጃዬን በሰው ፊት ያወጣህ፣ ሐጃህን ያውጣልህ። ሚስትህን በሰላም ይገላግላት። በእርጅናዬ እንዳልጣልከኝ፣ ልጆችህ በእርጅናህ አይጣሉህ።"

"አሚን" አለ ጀይላን። ከንፈሩ ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው፤ ድምፅ አልወጣውም።

"አልሰማሁህም!"

"አሚን" አለ።

ሩቂያ ጀለቢያውን ከገንዳው አውጥታ አንዱን ጫፍ ይዛ ሌላውን ዘረጋችለት። ተቀበላት። እሷ ወደ ቀኝ፣ እሱ ወደ ግራ እየጠመዘዙ ጨመቁት፤ ውኃው በመካከላቸው ወረደ። "ምን ብለሽ ነው የነገርሽው?" አላት በሹክሹክታ። "ያደረግከውን" አለች። "ነገ አውቶቡሱ መጥቶ ሲያልፍ ምን እንለዋለን?" ሩቂያ የጨመቁትን ልብስ ከእጁ ወስዳ አራገፈችና ገመዱ ላይ ሰቀለችው። ወደ ልጇ ዞራ ከዛፉ ሥር ከተለያዩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን አየችው። ፊቱ የልጅነት ፊቱ ነበር፤ ላቡ ግን የትልቅ ሰው ነው።

"እኔ ግማሹን ነግሬዋለሁ" አለችው። "የቀረውን አንተ ንገረው።"

ከውስጥ ሷሊሕ ጣሳውን በጣቱ ሲያንኳኳ ተሰማ፤ ውኃ እንዲጨመርለት ነው። ሩቂያ አልተንቀሳቀሰችም። ጀይላን ጫማውን ደፉ ላይ አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ ወደ ጨለማው ክፍል ገባ።